ከፍተው ያላዩት ቅጂ

ሰንበቴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲሄዱ ከጀውሃ ቀጥላ፣ አጣዬ ከመድረሱ በፊት የምትገኝ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ከተማ ናት። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኙበት የእሑድ ገበያዋ ከባቲ የሰኞ ገበያ ጋር ስሙ አብሮ ይነሣል። ከዚህ በታች የሚነጋገሩትን ሁለት ሰዎች የሳልኳቸው እኔ ነኝ። አጎትየው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው፤ የእህታቸው ልጅ ኮምፒውተር ተምራለች። የሚያነሡት ጉዳይ ግን የጽሕፈት ቤት ባለበት ከተማ ሁሉ ያለ ነው።

አጎት፦ ነይ፣ ግቢ። ገበያው ተበትኗል፣ አሁን ሰው አይመጣም። በስልክ ያልኩሽ ይሄን ነው። የሠራሁት ሁሉ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው። የኪራይ ውል፣ የከብት ሽያጭ ውል፣ ለፍርድ ቤት የተጻፈ ማመልከቻ፣ የቅሬ (የዕድር) መዝገብ። ሰሞኑን ደግሞ ዲስኩ ድምፅ ያሰማል።

ልጅት፦ ምን ዓይነት ድምፅ ነው ጋሼ?

አጎት፦ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ከዚያ ጸጥ ይላል።

ልጅት፦ እንግዲያው ዛሬ ሌላ ሥራ አይሥሩበት። መጀመሪያ ያለውን እናውጣ። ባክአፕ አለዎት?

አጎት፦ አለኝ እንጂ። በየወሩ በዚህ ፍላሽ እገለብጣለሁ።

ልጅት፦ ከገለበጡ በኋላ ከፍተው አይተውት ያውቃሉ?

አጎት፦ ምን ለማየት? አረንጓዴው መስመር ይሞላል፣ ያልቃል፣ እነቅለዋለሁ።

ልጅት፦ ይኸው ይመልከቱ። ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። አንድ የደንበኛ ፍላሽ ይዞት የመጣ ቫይረስ ነው። አብሽሩ፣ ዋናዎቹ ፋይሎች ተደብቀው እንጂ ተሰርዘው ላይሆን ይችላል፤ በኋላ ፈልጌ አወጣቸዋለሁ። ግን እስከ ዛሬ ተማምነው የተኙት በዚህ ነው።

አጎት፦ ላ ኢላሃ ኢለላህ! ሰው እኮ ወረቀቱ ሲጠፋበት የሚመጣው እኔ ጋ ነው። በ2014 ጦርነቱ በዚህ መንገድ ሲያልፍ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ሸዋ ሮቢት ስንቱ ቢሮ ተዘረፈ፣ ስንቱ ሰነድ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ «ያን ጊዜ ያጻፍኩት አለህ ወይ?» እያለ የመጣው ብዙ ነው። መሬቱን ያከራየበትን ውል ከዚህ ኮምፒውተር አውጥቼ የሰጠሁት ሰው አለ። ደህና ትልቅ ኤክስተርናል ገዝቼ ብገለብጥበት አይበቃም?

ልጅት፦ ከፍላሽ ይሻላል። ግን ዝም ብሎ መገልበጥም የሚያጠፋው ነገር አለ። አንድ ውል ሰኞ ዕለት ተበላሸ እንበል፤ ረዳትዎ ሳያውቅ ግማሹን ሰርዞ ሴቭ አደረገው። ማክሰኞ ሲገለብጡ «ይተካ?» ብሎ ይጠይቅዎታል፤ እርስዎም «አዎ» ይሉታል። በዚያች ደቂቃ ደህናው ጠፋ። ከዚያ በኋላ በሁለት ቦታ ያለው አንድ ዓይነት ብልሽት ነው። ቫይረስ ፋይሉን ሲቆልፍም እንዲሁ ነው፤ የተቆለፈው በደህናው ላይ ይገለበጣል።

አጎት፦ ዚፕ አድርጌ ቀን እየጻፍኩ ባስቀምጥስ?

ልጅት፦ ያለቀ ሥራ፣ ከእንግዲህ ማንም የማይነካው ሰነድ ከሆነ 7-ዚፕ ጥሩ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ለየቀኑ ግን አይሆንም። 40 ጊጋ ባይት የሚሆን ፎልደር በየቀኑ እየተጠቀለለ ቢቀመጥ በወር 1,200 ጊጋ ባይት ይደርሳል፤ በእርግጥ የተለወጠው ግን ጥቂት ገጽ ነው። ለእርስዎ ያሰብኩት ሬስቲክ የሚባለውን ነው።

አጎት፦ የማን ነው? ስንት ነው?

ልጅት፦ የጀመረው አሌክሳንደር ኖይማን የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ ዛሬ ብዙ ሰው ያዋጣበታል። ክፍት ምንጭ ነው፣ ዋጋ የለውም። እንደለመድነው ክራክ የሚፈለግለትም አይደለም፤ ክራኩ ይዞት የሚመጣውን ቫይረስ ደግሞ ያውቁታል። ከዋጋው በላይ እኔ የምወድለት ግን ሌላ ነው። ፋይሉን እንዴት አድርጎ እንደሚያስቀምጥ በዝርዝር ተጽፎ ለሁሉም ወጥቷል። ሠሪዎቹ ነገ ቢተዉት እንኳ የተቀመጠውን የሚያነብ ሌላ ባለሙያ አይጠፋም። ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚፈለግ ውል ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አጎት፦ ከኔ መገልበጥ የሚለየው በምንድን ነው?

ልጅት፦ እያንዳንዱን ፋይል በይዘቱ እየተመራ ይቆራርጠዋል፤ ቁራጩ በአማካይ አንድ ሜጋ ባይት ቢሆን ነው። ለየቁራጩ ከይዘቱ የተሰላ መለያ ይሰጠዋል። ያንኑ ቁራጭ ነገ ሲያገኘው ያልፈዋል፣ አዲስ የሆነውን ብቻ ይጨምራል። የመጀመሪያው ቀን ይረዝማል፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ነው። ቦታ ቢቆጥብም ታዲያ የየቀኑ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ስናፕሾት ይባላል። የሰኞውን ሲከፍቱ ሰኞ እንደነበረው፣ የማክሰኞውን ሲከፍቱ ማክሰኞ እንደነበረው። ረዳትዎ ያበላሸው ውል በእሑዱ ስናፕሾት ውስጥ ደህና ሆኖ ይገኛል።

አጎት፦ ጫኚው እንግዲህ።

ልጅት፦ መጫን የሚባልም የለው። አንድ ፋይል ናት፤ ከኮምቦልቻ አውርጃት መጥቻለሁ። ሲ ላይ ፎልደር ከፍቼ እዚያ አስቀምጣታለሁ፣ በቃ። መጀመሪያ ግን ይሄን ይዩ። ሠሪዎቹ ለሚወርደው ዚፕ ረጅም የፊደልና የቁጥር መለያ አብረው ያወጣሉ። እኔ ደግሞ በዚህ ጥቁር መስኮት «ሰርትዩቲል» በሚባለው የዊንዶውስ ትዕዛዝ እጄ ላይ ያለውን ዚፕ መለያ አሰላለሁ። መጨረሻውን አብረን እናንብበው። አንድ ነው። አንዲት ፊደል ብትለይ ጥዬው ሌላ አወርድ ነበር።

አጎት፦ ኤክስተርናሉ ይኸው፣ አዲስ ነው።

ልጅት፦ ይሰኩት። ዛሬ ኢ ብሎ አነበበው፤ ነገ የደንበኛ ፍላሽ ቀድሞ ከተሰካ ኤፍ ይለዋል፣ ትዕዛዙም ዲስኩን አጣሁት ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ከዊንዶውሱ ዲስክ ማኔጅመንት ገብቼ ዜድ የሚል ቋሚ ፊደል ሰጥቼዋለሁ። አሁን «ሬስቲክ ኢኒት» ስለው በዲስኩ ላይ ማከማቻ ይከፍታል፣ የይለፍ ቃልም ይጠይቀናል። ይቆዩ! እሱን ከመጻፍዎ በፊት የአማርኛ ኪቦርዱ መጥፋቱን እንይ።

አጎት፦ ምን አገናኘው?

ልጅት፦ የይለፍ ቃል ሲጻፍ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። የግዕዙ ጽሑፍ እንደበራ ቢጽፉት ሁለት ጊዜ ሲጠይቅዎት ሁለቱም ጊዜ ያው ይገባል፣ እሱም «እሺ» ይላል። በሌላ ቀን፣ በሌላ ኮምፒውተር በላቲን ሲሞክሩት አይከፍትም። ይሄ ማከማቻ ደግሞ የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ማንም አይከፍተውም። እኔም አልችልም፣ ሠሪዎቹም አይችሉም።

አጎት፦ እንዲህ ከሆነስ ባይቆለፍ ይሻላል። ነገ እኔ ብሞት ቤተሰቡ ምን ያደርጋል? የቅሬው መዝገብ እዚያ ውስጥ ነው።

ልጅት፦ መቆለፉ ግድ ነው ጋሼ፤ ዲስኩ ከዚህ ቤት ይወጣል፣ ያንን ኋላ እነግርዎታለሁ። ለሞቱ ጥያቄ ግን መልስ አለው። ሬስቲክ ለአንድ ማከማቻ ከአንድ በላይ ቁልፍ ይቀበላል። «ሬስቲክ ኪይ አድ» ብለን ሁለተኛ የይለፍ ቃል እንጨምራለን፤ እሱን በወረቀት ጽፈው በታሸገ ፖስታ ለሚያምኑት ሰው ይሰጡታል። ያ ሰው ቢለወጥ የእርስዎ ሳይነካ የእሱን ብቻ ማውጣት ይቻላል።

አጎት፦ ለቅሬው ጸሐፊ እሰጠዋለሁ። አማና የሚያውቅ ሰው ነው።

ልጅት፦ ጥሩ። አሁን ወደ ሥራው። «ሬስቲክ ባክአፕ» ብዬ የሰነዶቹን ፎልደር ሰጠሁት። ዎርድ ፋይል ሲከፈት ጎን ለጎን የሚፈጥራቸውን ጊዜያዊ ፋይሎች እንዲተዋቸው አዝዣለሁ። ዲስኩ የታመመ ስለሆነ ማንበብ ያቃተው ፋይል ይኖራል፤ እሱን በስሙ ጠርቶ ይነግረናል እንጂ ዝም ብሎ አያልፈውም። ይኸው፣ ሁለት ፋይል አላነበበም። ስማቸውን ይያዙልኝ።

አጎት፦ አንደኛው የጉርድ ፎቶ ነው፣ ምንም አይደል። ሁለተኛው... ሁለተኛው የኪራይ ውል ነው። ባለቤቶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ከያዙት ወረቀት ስካን አደርገዋለሁ። መብራት መሀል ላይ ቢጠፋስ?

ልጅት፦ እስከዚያ የጻፋቸው ቁራጮች ዲስኩ ላይ ይቆያሉ፤ መብራቱ ሲመጣ ያንኑ ትዕዛዝ ሲደግሙት ያለውን እያለፈ ይቀጥላል። አንዳንዴ ግን «ማከማቻው ተይዟል» ብሎ እንቢ ይላል፤ ሲቋረጥ የተወው መቆለፊያ ነው። ሌላ ሬስቲክ እየሠራ አለመሆኑን ያረጋግጡና «ሬስቲክ አንሎክ» ይበሉት። ይሄን ግድግዳው ላይ ጽፌ እለጥፍልዎታለሁ፤ በዚህ አገር በየሳምንቱ ሳያስፈልግ አይቀርም።

አጎት፦ ጨረሰ መሰለኝ። አልሐምዱሊላህ።

ልጅት፦ ገና ነን። አሁን ነው ዋናው። ዲስኩን ነቅዬ በእኔ ላፕቶፕ እሰካዋለሁ፤ ይሄን ሱቅ አይቶ የማያውቅ ላፕቶፕ ነው። «ሬስቲክ ሪስቶር» ብዬ የመጨረሻውን ስናፕሾት ባዶ ፎልደር ውስጥ አወጣለሁ። እርስዎ አንድ የቆየ ውል ይምረጡልኝ።

አጎት፦ እዚያ የ1994 የሚለው ውስጥ ግቢ። አዎ፣ ያን ክፈችው። ይሄ ምንድን ነው? ይሄ እኮ እንግሊዝኛ ነው! እንግሊዝኛም አይደል፣ ዝም ብሎ ፊደልና ምልክት ነው።

ልጅት፦ ፋይሉ ደህና ነው ጋሼ፤ አንዲት ፊደል አልጎደለችም። የጎደለው ፎንቱ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ እዚህ አገር በሥራ ላይ የዋለው ደግሞ ዘግይቶ። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉት ሶፍትዌሮች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲኑን ነው፣ «ሀ» አስመስሎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። የእርስዎ ኮምፒውተር ፎንቱ ስላለው ያነብበዋል። የእኔው የለውም። ያ ዲስክ ዛሬ ማታ ቢሞትና አዲስ ኮምፒውተር ቢገዙ የአሥር ዓመት ሥራ እንዲህ ሆኖ ነበር የሚያገኙት።

አጎት፦ ማሽላ በጉድጓድ ስናስቀምጥ አባቴ ዓመቱ ሳይሞላ አንዱን ጉድጓድ ከፍቶ ሽታውን ሳያይ አያድርም ነበር። አንቺ አሁን ያደረግሽው እሱን ነው። ታዲያ ምን ይሻላል?

ልጅት፦ ሁለት ነገር እናደርጋለን። የፎንቶቹን ፋይሎች ከዊንዶውሱ ፎንት ፎልደር አውጥቼ፣ ከሰነዶቹ ጎን በየቀኑ ባክአፕ በሚሆነው ፎልደር ውስጥ አስገባቸዋለሁ። ፎንት ከሌለ ሰነድ የለም። ሁለተኛው ጊዜ ይወስዳል፤ የቆዩትን ውሎች ፎንቱ ባለበት በዚህ ኮምፒውተር ላይ አንድ በአንድ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ። ፒዲኤፍ ፎንቱን ውስጡ ይዞ ስለሚሄድ የትም ይነበባል። ዲስኩ ነገ ይቀየር፤ ፎንቱንና ዊንዶውሱን አስተካክዬ እሰጥዎታለሁ፣ ከዚያ ረዳትዎ በቀን ጥቂት ጥቂት ይሥራ።

አጎት፦ በትልልቆቹ ዘንድም እንዲህ ያጋጥማል? ወይስ የእኛ የድህነት ነው?

ልጅት፦ ጊትላብ የሚባለው ድርጅት ሥራው የሌሎችን ኮድ ማስቀመጥ ነው። በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. አንድ ባለሙያቸው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር ሰረዘ፤ ወደ 300 ጊጋ ባይት የሚሆን ነበር። ከዚያ ወደ ባክአፑ ሄዱ። አምስት ዓይነት መንገድ ነበራቸው፤ አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። አንዱ ሲከሽፍ ኖሮ የሚያስጠነቅቀው ኢሜይል እንኳ ለማንም አልደረሰም። ያዳናቸው አንድ ባለሙያ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። ያን ሁሉ ራሳቸው በይፋ ጻፉት፤ እኔም የተማርኩት ከዚያ ነው። ዳኝነቴን ከጠየቁኝ፣ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም። ፕሮግራሙ የትኛውም ይሁን።

አጎት፦ እሺ፣ እኔ በየቀኑ ይሄን ጥቁር መስኮት አልከፍትም። ራሱ ይሥራ።

ልጅት፦ በታስክ ሼጁለር ማታ አንድ ሰዓት ላይ አድርጌዋለሁ፤ በእሱ አቆጣጠር 19 ሰዓት ነው። በሰዓቱ መብራት ከሌለ «ሲመጣ ወዲያው ሥራ» የሚለውን ምርጫ አብርቻለሁ፤ እሱ ካልተመረጠ ያመለጠው ቀን እንዳመለጠ ይቀራል። ሁሉንም ስናፕሾት ለዘላለም አያስቀምጥም፤ የሰባት ቀን፣ የአምስት ሳምንት፣ የአሥራ ሁለት ወር ይያዝ፣ ሌላውን ይልቀቅ ብዬዋለሁ። «ፎርጌት» ብቻ ካሉት ግን ስናፕሾቱን ከዝርዝር ያወጣል እንጂ ቦታው አይለቀቅም፤ ቦታውን የሚያስለቅቀው «ፕሩን» ነው።

አጎት፦ አሥራ ሁለት ወር ስትይ በማን ወር? የእኔ ሒሳብ ሰኔ 30 ነው የሚዘጋው። የወረዳውም ሥራ እንዲሁ።

ልጅት፦ ደግ ጠየቁ። እሱ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ወር ነው፤ የሰኔ 30ን ላይይዘው ይችላል። ስለዚህ በሰኔ 30 ማታ በእጅ አንድ ባክአፕ እንወስዳለን፣ «ሰኔ2017» የሚል መለያ እንለጥፍበታለን። ያ መለያ ያለበትን እንዳይነካ በትዕዛዙ ውስጥ ይጻፋል። ቀሪው ቢጸዳም እሱ ይኖራል።

አጎት፦ ቅድም ዲስኩ ከዚህ ቤት ይወጣል ያልሽው?

ልጅት፦ ሁለት ዲስክ ይኖረናል። አንዱ እዚህ፣ ባክአፕ በሚሆንበት ሰዓት ብቻ የሚሰካ፤ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ከዋለ ቫይረሱ እሱንም ያገኘዋል። ሁለተኛው ከዚህ ከተማ ውጭ። እሳትም፣ ሌባም፣ ጦርነትም አንድ ከተማ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚወስደው።

አጎት፦ በኢንተርኔት አይላክም? ልጆቹ ክላውድ ይላሉ።

ልጅት፦ ሬስቲክ ወደዚያም መላክ ይችላል። ግን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ያስታውሳሉ። ክፍያውም በዶላር ነው። መንገዳችንን በመኪና እናድርገው። የጥንት መጻሕፍቱም የዳኑት ቅጂያቸው ሌላ ቦታ በመቀመጡ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር ፊልሙ አዲስ አበባም፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ባለው ገዳምም ተቀመጠ። በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ካታሎጉን ሲሠሩ የኖሩባቸው። ከዚያ ወዲህ በመጣው አብዮትና ጦርነት ዋናው መጽሐፍ የት እንደደረሰ የማይታወቅ አለ፤ ፊልሙ ግን ይነበባል። በሁለት አገር መቀመጡ ነው ያቆየው።

አጎት፦ እህትሽ ከሚሴ አለች። እሷ ጋ ይሁን። መንገድ ላይ ቢሰረቅስ?

ልጅት፦ ሌባው ዲስክ ያገኛል እንጂ ውል አያነብም፤ ለዚያ ነው መቆለፉ ግድ ነው ያልኩት። በወር አንድ ጊዜ ይምጣ፣ «ሬስቲክ ኮፒ» ብለን ከአንደኛው አዲሱን እናስተላልፍበት፣ ይመለስ። በዚያው ቀን «ሬስቲክ ቼክ» ከነ«ሪድ ዳታ»ው እናድርግበት፤ ያኔ እያንዳንዱን ቁራጭ አንብቦ ከመለያው ጋር ያስተያየዋል። ሰንበቴ ሙቀቱና አቧራው ለዲስክ አይመችም፤ መጎዳት ሲጀምር ገና በጠዋቱ ማወቅ አለብን።

አጎት፦ አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ይሄ ሁሉ የሰው ጉዳይ ነው። የተፋታ አለ፣ የተካሰሰ አለ። አንዱ መጥቶ «የእኔን አጥፋው» ቢለኝስ?

ልጅት፦ መብቱ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ የሰው መረጃ የሚይዝ ሰው ኃላፊነት አለበት። ያለ አዋጁም ቢሆን ትክክል ነው። ግን ከኮምፒውተሩ መሰረዝ አይበቃም፤ በየስናፕሾቱ ውስጥ አለ። «ሬስቲክ ሪራይት» የሚባል ትዕዛዝ ያን ፋይል ከየስናፕሾቱ ያወጣዋል። የድሮዎቹን ስናፕሾቶች እንዲጥላቸው አብረን እናዘዋለን፣ ከዚያ «ፕሩን»። እዚህ ያለው ዲስክ በዚያው ቀን ይጸዳል። የከሚሴው ግን እስኪመጣ ድረስ ይዞት ይቆያል።

አጎት፦ ስለዚህ እሱ እስኪመጣ ለሰውዬው «ጠፍቷል» ልለው አልችልም።

ልጅት፦ አይችሉም። «በዚህ ቀን ይጠፋል» ይበሉት፤ ቀኑንና የፋይሉን ስም ደብተር ላይ ይጻፉ። ዲስኩ ከከሚሴ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሠራው የደብተሩ ሥራ ይሁን።

አጎት፦ ደብተሩን ከዚያ መደርደሪያ ላይ አውርጂልኝ። ሁለት ወንድማማቾች በመሬት ተካስሰው ነበር፤ ሽማግሌ አስታረቃቸውና ማመልከቻው እንዲጠፋ ሁለቱም ጠይቀውኛል። እኔም ከኮምፒውተሩ ሰርዤ ጠፍቷል ብያቸዋለሁ። ፍላሹ ላይ ግን ይኖራል፣ የተደበቀውን ስታወጪው አብሮ ይወጣል። የእነሱን በመጀመሪያው መስመር ጻፊው።